ዝገቱን ማን ሠራው? የጥልቅ ባሕር ብረት በል ባክቴሪያዎችን ጠረጴዛ ላይ የማሳደግ የሥራ ማስታወሻ

መነሻ

ዓላማው አጭር ነው። ከብረት ኤሌክትሮን ነጥቀው የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ባዶ ገጽ ላይ እንዴት እንደሚሰፍሩ በዓይኔ ማየት እፈልጋለሁ። ገጹ መስታወት፣ ላሜራና ባዛልት ድንጋይ ይሆናል። ባሕር ወለል ድረስ መውረድ ስለማይቻለኝ ሁለት ትንንሽ ክዳን ያላቸው የመስታወት ገንዳዎች እሠራለሁ። አንዱ ሕይወት ያለበት፣ ሌላው የሌለበት።

አርአያ ያደረግሁት ከሃዋይ ትልቁ ደሴት ደቡብ ምሥራቅ ያለውን የባሕር ውስጥ እሳተ ገሞራ ነው። ለብዙ ዘመን ሎኢሂ ሲባል ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ካማኤሁአካናሎአ ተብሏል። ጫፉ ከባሕሩ ገጽ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ብሎ ነው ያለው። በ1996 በሺዎች የሚቆጠሩ የመሬት መንቀጥቀጦች ተከታትለውበት የጫፉ አንድ ክፍል ሰመጠ። 300 ሜትር ገደማ የሚጠልቅ ጉድጓድም ተፈጠረ። እዚያ ከስንጥቁ የሚወጣው ሙቅ ውሃ ብረትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ የበዛበት፣ ሰልፋይድ (የድኝ ውህድ) ያነሰበት ነው። ለብረት በሎች ከዚህ የተሻለ ሰፈር የለም። ድንጋዩ ላይ ለስላሳ ብርቱካናማ ምንጣፍ ሠርተው ተኝተዋል።

ዴቪድ ኤመርሰንና ክሬግ ሞየር የተባሉ ተመራማሪዎች ከዚያ ምንጣፍ ፒቪ-1 የተባለውን ባክቴሪያ ለይተው አሳደጉና በ2002 ጽሑፋቸውን አወጡ። በ2007 ደግሞ ማሪፕሮፈንደስ ፌሮኦክሲዳንስ የሚል ስም ተሰጠው፤ ወገኑም ዜታፕሮቲዮባክቴሪያ ተባለ። ለእኔ ትልቁ ዜና ግን ሌላ ነው። 1,000 ሜትር ላይ ግፊቱ ወደ 100 አትሞስፌር ይደርሳል፤ ፒቪ-1 ግን በተራ የላቦራቶሪ ግፊት ያድጋል። ስለዚህ ግፊት የሚችል የብረት ጋን አያስፈልገኝም። የዚህ ፕሮጀክት ትልቁ ወጪ ገና ሳይጀመር ቀረልኝ።

መደርደሪያው

ስላይዶቹን (የማይክሮስኮፕ መስታወቶቹን) እና ላሜራዎቹን የሚይዘውን መደርደሪያ የሠራሁት የማዕድ ቤት መክተፊያ ከሚሠራበት ነጭ ፕላስቲክ ነው። በመጋዝ ይቆረጣል፣ በቀላሉ ይበሳል፣ ጨው ውሃ ምንም አያደርገውም። ስላይዶቹ የሚገቡበትን ስንጥቅ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ነው የቆረጥኩት። ምክንያቱም በኋላ ሲወጡ ጠርዙ ላይ ያለው ነገር መፋቅ የለበትም።

ላሜራው ካርበኑ ዝቅ ያለ ተራ ብረት መሆን አለበት። ጋልቫናይዝድ አይሆንም፤ ዚንኩ በብረቱ ፈንታ ራሱን እየሰጠ ይከላከለዋል። ስቴንለስም አይሆንም። ከፋብሪካ ሲወጣ ላዩ ላይ ያለውን ጥቁር ሰማያዊ ቆዳ በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቅ ማንሳት፣ ከዚያ ቅባቱን በአሴቶን መጥረግ። ከዚህ በኋላ በባዶ እጅ መንካት የለም፤ የጣት አሻራ ያለበት ቦታ ከሌላው ቀድሞ ይዝጋል።

ላሜራውን የቆረጡልኝ የቶርኖ ባለሙያ ለምን እንደሆነ ሲሰሙ ሥራቸውን አቆሙ። «አንተ ልጅ፣ ሰው ብረቱን ከዝገት ለማዳን ይደክማል፤ አንተ ገንዘብ ከፍለህ ዝገት ትለምናለህ?» «አይ ጋሼ፣ ዝገቱን ማን እንደሚሠራው ለማየት ነው» አልኳቸው። «ማን ይሠራዋል? ውሃ ነዋ!» አሉና ወደ ማሽናቸው ተመለሱ። ለነገሩ እሳቸው ያሉት በኋላ ለብዙ ጊዜ ራስ ምታት ሆኖብኝ ቆይቷል።

መጀመሪያ ላሜራዎቹን ያሰርኩት በስቴንለስ ቡሎን ነበር። ውሃ ውስጥ ጥቂት እንደቆዩ በእያንዳንዱ ቀዳዳ ዙሪያ ወፍራም የዝገት ቀለበት ወጣ። ሌላው የላሜራው ገጽ ግን ንጹሕ ለማለት ትንሽ ነው የቀረው። ነገሩ ግልጽ ነው። ሁለት የተለያዩ ብረቶች በጨው ውሃ ውስጥ ሲነካኩ ባትሪ ይሆናሉ፤ ደካማው ይበላል። እዚህ ደካማው ላሜራዬ ነው። ቡሎኑንም ዳዶውንም ሮንዴላውንም በናይለን ቀየርኩ። ለእውነተኛ ጥልቅ ባሕር ሥራ ቲታኒየም ይመረጣል። ቲታኒየም ግን ውድ ከመሆኑም በላይ ከተራ ብረት ጋር ሳይለይ ከተነካካ ያው ባትሪ ነው። ለጠረጴዛ ሥራ ናይለን ይበቃል፤ ዋጋውም ከሁሉም ይረክሳል።

ውሃው

ለአኳሪየም የሚሸጠውን ዝግጁ የባሕር ጨው ልጠቀም ብዬ ነበር። ማሸጊያው ላይ የተጻፈውን ሳነብ ተውኩት። ያ ጨው የሚዘጋጀው ፒኤቹን (የአሲድነት መለኪያውን፤ ቁጥሩ ሲያንስ ውሃው ይበልጥ አሲዳማ ነው) 8.2 አካባቢ አጥብቆ እንዲይዝ ነው። ለዓሣና ለኮራል ጥሩ ነው። እኔ የምፈልገው ከ6.2 እስከ 6.5 ነው፤ የፍል ውሃው መውጫ አካባቢ ያለው ዓይነት። ከዚያ ጨው ጋር መታገል ትርፉ ድካም ነው።

ስለዚህ ራሴ ቀላቀልኩ። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ 27.5 ግራም ሶዲየም ክሎራይድ፣ ከዚያ ማግኒዥየም ክሎራይድ፣ ማግኒዥየም ሰልፌት፣ ፖታሲየም ክሎራይድ፣ ትንሽ አሞኒየምና በጣም ትንሽ ፎስፌት። ካልሲየም ክሎራይድ መጨረሻ ላይ፣ ሌላው ሁሉ ሟሙቶ ካለቀ በኋላ። ከተቸኮለ ውሃው ይደፈርሳል። በስተመጨረሻ ባይካርቦኔት ይገባና ካርቦን ዳይኦክሳይድ እየተነፋበት ፒኤቹ ይወርዳል።

ስኳር፣ ሥጋ መረቅ፣ እርሾ ጭማቂ የሚባል ነገር የለም። ብረት በሎቹ ሰውነታቸውን የሚሠሩት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ሌላ ምግብ ከጨመርኩ የሚራባው ሌላ ባክቴሪያ ነው፤ የቀረውን ኦክስጅንም እሱ ይጨርሰዋል።

ብረቱ የሚገባው በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ከላሜራው ራሱ። ሁለተኛው ከፌረስ ክሎራይድ ጠርሙስ በትንሽ ፓምፕ ጠብ ጠብ እያለ፤ ፌረስ ማለት ገና ያልዛገ፣ የሟሟ ብረት ነው። ጠርሙሱ ውስጥ ጥቂት ሃይድሮክሎሪክ አሲድ አለ። አሲዳማ ውሃ ውስጥ የሟሟ ብረት ሳይዝግ ይቆያል፤ ያለ አሲድ ግን ገንዳው ሳይደርስ ጠርሙሱ ውስጥ ያልቃል።

እርሾው

እርሾ የምለው ገንዳው ውስጥ የሚዘራውን ባክቴሪያ ያለበት ናሙና ነው። ከሎኢሂ ናሙና ማን ይሰጠኛል! ደግነቱ ዜታፕሮቲዮባክቴሪያ ጥልቅ ባሕር ብቻ አይደሉም። የባሕር ዳርቻ ውሃ ውስጥ በተተከለ ተራ ብረት ላይ እንደሚሰፍሩ በጥናት ታይቷል። የባሕር ዳር ጭቃ ውስጥም፣ ትሎች በቆፈሩት ጉድጓድ ግድግዳ ላይም ይገኛሉ። ስለዚህ ውሃ ውስጥ የቆመ የድሮ ብረት ምሰሶ ፈልጌ ከውሃው መስመር በታች ያለውን ወሰድኩ።

ከምሰሶው ምን እንደሚወሰድ መለየት ያስፈልጋል። ጠንካራውን ቅርፊት ፈልጦ መውሰድ ዋጋ የለውም። የሚፈለገው ከላይ ያለው፣ ሲነኩት እንደ ጭስ የሚበተነው ለስላሳ ብርቱካናማ ነገር ነው። በትልቅ ሲሪንጅ ቀስ ብሎ መሳብ ይሻላል። ጠርሙሱ እስከ አፉ ይሞላል፤ አየር የሚቀመጥበት ቦታ መኖር የለበትም። ከዚያ በቅዝቃዜ ይያዛል።

እቤት ስደርስ ለሁለት ከፈልኩት። ግማሹን ፕሬዠር ኩከር ውስጥ አድርጌ ገደልኩት፤ እሱ ለመቆጣጠሪያው ገንዳ ነው። ይህን ያላደረገ ሰው በመጨረሻ ምንም ማለት አይችልም። ሁለቱም ገንዳዎች እኩል ዝገት፣ እኩል ቆሻሻ፣ እኩል ጨው አግኝተዋል። ልዩነታቸው አንዱ ውስጥ ያለው በሕይወት መኖሩ ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ዙር፦ ሁሉም ብርቱካናማ

ፓምፑን ለኮስኩ፣ ሁለቱንም ገንዳ በአየር እያናፈስኩ ብረቱን ጠብ ማድረግ ጀመርኩ። በማግስቱ ሁለቱም ገንዳ ብርቱካናማ ሆኖ አደረ። የሞተው ገንዳ እንዲያውም የባሰ ነበር።

ስላይዱን አውጥቼ በማይክሮስኮፕ አየሁት። ከሁለቱም ገንዳ ቅርጽ የሌለው ፍርፋሪ ብቻ። ጋሼ ልክ ናቸው፤ ውሃ ነው የሠራው።

አየር የጠገበ፣ ፒኤቹ 8 አካባቢ የሆነ ሞቅ ያለ የባሕር ውሃ ውስጥ የሟሟ ብረት ዕድሜ በደቂቃ የሚቆጠር ነው። ኦክስጅን ራሱ ኤሌክትሮኑን ይነጥቃል፤ ባክቴሪያ አይጠብቅም። ብረት በል የሚኖረው ከዚህ ሩጫ በተረፈው ነው። ከኦክስጅን ጋር እሽቅድምድም ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሊያሸንፍ የሚችለው ደግሞ ኦክስጅኑ ሲያንስ፣ ፒኤቹ ሲወርድ፣ ውሃውም ሲቀዘቅዝ ብቻ ነው። ለዚህ ነው ሎኢሂ የተመቸው። የተራራው ጫፍ የሚገኘው የፓስፊክ ውቅያኖስ ኦክስጅን በሚያንስበት ንብርብር ውስጥ ነው። እዚያ ያለው ኦክስጅን በሊትር 50 ማይክሮሞል አካባቢ ነው። 15 ዲግሪ ላይ አየር የጠገበ የባሕር ውሃ 250 ገደማ ይይዛል። አንድ አምስተኛ ማለት ነው። ምንጣፉ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ከዚያም እያነሰ ይሄዳል።

ኦክስጅን ማውረድ፣ ፒኤች መውጣት

ብዙ ጊዜ የበላብኝ ክፍል ይሄ ነው።

አሮጌ ፍሪጅ ውስጥ ሁለቱን ገንዳ አስገባሁ፤ ሙቀቱ 15 ዲግሪ ላይ ተያዘ። አየሩን አቁሜ ከሲሊንደር ናይትሮጅን መንፋት ጀመርኩ። የኦክስጅን መለኪያው ወርዶ ወርዶ አየር የጠገበ ውሃ ከሚይዘው 20 በመቶ ላይ ቆመልኝ። ደስ አለኝ። ዝገቱ ግን በሁለቱም ገንዳ እንደ ድሮው ቀጠለ። ኦክስጅን አምስት እጅ ቀንሶ ዝገቱ የማይቀንስበት ምክንያት አልገባኝም። መለኪያው ተበላሽቷል ብዬ በድጋሚ ካሊብሬት አደረግሁት። ደህና ነው።

ቁልፉ የተገኘው ፒኤቹን ስለካ ነው። በ6.4 የጀመረው ውሃ ከ8 አልፏል። ናይትሮጅኑ ኦክስጅኑን ብቻ ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይዱንም ጠርጎ ያወጣዋል። ባይካርቦኔት ያለበት ውሃ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ሲወጣበት ፒኤቹ ይወጣል። ፒኤች ደግሞ እዚህ ጨዋታ ውስጥ ከኦክስጅን ይልቅ ኃይለኛ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ኦክስጅን በግማሽ ቢቀንስ ያለ ባክቴሪያ የሚሄደው ኦክሲዴሽን (የብረቱ መዛግ) በግማሽ ይቀንሳል። ፒኤች በ1 ቢጨምር ግን በ100 እጥፍ ይፈጥናል። ስለዚህ በአንድ እጄ አምስት እጅ እየቀነስኩ በሌላው ከመቶ እጅ በላይ እየጨመርኩ ነበር።

መፍትሔው ቀላል ነው። ናይትሮጅኑ ላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መቀላቀል። ሁለት ሲሊንደር፣ ሁለት የፍሰት መቆጣጠሪያ፣ አንድ መገናኛ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ፒኤቹ 6.4 ላይ እስኪቆም ድረስ በጥቂት በጥቂቱ መክፈት። አሁን ከኦክስጅን መለኪያው በፊት የማየው ፒኤቹን ነው። ጋዙ ያለበት ክፍል መስኮቱ ክፍት መሆን አለበት፤ ሁለቱም ጋዝ በዝግ ቤት ውስጥ ሰው ያፍናሉ።

አንድ ነገር ግን ቀረ። ሌሊት ላይ ኦክስጅኑ ቀስ እያለ ይወጣል። ክዳኑን በሲሊኮን አሸግኩ፤ ለውጥ የለም። ጥፋቱ የቱቦው ነበር። ለስላሳ የሲሊኮን ቱቦ ውሃ አያፈስም እንጂ ኦክስጅንን እንደ ልብ ያሳልፋል። በጠንካራ ናይለን ቱቦ ተካሁት፤ ፓምፑ የሚጨምቀው ቦታ ላይ ብቻ አጭር ለስላሳ ቁራጭ ቀረ። ከዚያ በኋላ መለኪያው ጸጥ አለ። እኔም ወደ 10 በመቶ አወረድኩት።

የሟሟውን ብረት የምለካው ፌሮዚን በሚባል ቀለም ሰጪ ኬሚካል ነው። ናሙናው ውስጥ ሲጨመር ከፌረስ ጋር ሐምራዊ ይሆናል፤ ቀለሙ 562 ናኖሜትር ላይ ይነበባል። ናሙናው እንደወጣ ወዲያው ፌሮዚን ውስጥ መግባት አለበት። ስልክ አንስቼ ልመለስ ማለት አይሠራም።

ከዚህ በኋላ ሁለቱ ገንዳዎች መለያየት ጀመሩ። የሞተው ገንዳ ውሃ ጥርት ብሎ ይቆያል፤ ብረቱ በዝግታ ነው የሚቀንሰው። የሕያው ገንዳ ብረት ግን ቶሎ ያልቃል። የሚዘቅጠውም ወለሉ ላይ ሳይሆን መደርደሪያው ላይ ነው።

የጄል ቱቦ

ገንዳው ሲያስቸግረኝ ጎን ለጎን የድሮውን ዘዴ ሞከርኩ። ኩሴራና ዎልፍ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1957 ለጋሊዮኔላ ያወጡት ነው፤ ጋሊዮኔላ የጨው አልባ ውሃ ብረት በል ናት። የመስታወት ቱቦ ታች አይረን ሰልፋይድ ያለበት ጠጣር ጄል ይቀመጣል። ከላዩ በጣም ስስ የሆነ ጄል ይፈስሳል። ብረት ከታች ይወጣል፣ ኦክስጅን ከላይ ይወርዳል። ባክቴሪያው የሚስማማውን ቦታ ራሱ ይመርጣል። ፓምፕ የለ፣ ሲሊንደር የለ፣ መለኪያ የለ። ገንዘብ የሌለው ሰው ከዚህ ቢጀምር ይሻለዋል።

አይረን ሰልፋይዱ የሚሠራው ፌረስ ሰልፌትና ሶዲየም ሰልፋይድ በመቀላቀል ነው። ወዲያው ጥቁር ዝቃጭ ይሆናል። ደጋግሞ ማጠብ ያስፈልጋል። ሥራው ከቤት ውጭ ወይም ጭስ በሚስብ ሳጥን ውስጥ፣ በጓንትና በመነጽር ይሁን። አሲድ ከአጠገቡ አይቅረብ። አሲድ ከነካው ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይወጣል፤ ይህ የሚገድል ጋዝ ነው። ሽታው ጠፋ ብሎ መዝናናት ደግሞ አያዋጣም፣ ጋዙ ሲበዛ አፍንጫን ያደነዝዛል።

ከጥቂት ቀናት በኋላ እርሾ በገባበት ቱቦ መሃል ላይ ቀጭን፣ ጠርዙ የተቆረጠ የሚመስል ብርቱካናማ መስመር ታየ። በሞተው እርሾ ቱቦ ውስጥም ቀለም አለ። እሱ ግን የተበተነና ወደ ላይኛው ገጽ የቀረበ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ሳይ ለመጀመሪያ ጊዜ እጄ ላይ ሕይወት ያለው ነገር እንዳለ አመንኩ። ማመን ግን ማረጋገጥ አይደለም።

ስላይዶቹ

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ስላይዶቹን መቼ ማውጣት እንዳለብኝ የወሰንኩት በአንድ ቁጥር ነው። ፒቪ-1 በማይክሮስኮፕ ሥር እያደገ ሲታይ ከኋላው የሚተወው ቀጭን የዝገት ዘንግ በሰዓት 2.2 ማይክሮሜትር ያህል ይረዝማል። በቀን 50 ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ አንድ ቀን የቆየ ስላይድ ላይ የሚታይ ነገር መኖር አለበት። ብዙ ቀን የቆየው ደግሞ ከመወፈሩ የተነሳ ብርሃን አያሳልፍም፤ አንዱን ከሌላው መለየት አይቻልም። ገጽ ላይ መስፈርን ለማየት የፈለገ ሰው ቶሎ ቶሎ ማውጣት አለበት።

ስላይዱን ማውጣትም ጥበብ ይፈልጋል። ቀጥ አድርጎ ቢስቡት ውሃው ሲወርድ ያለውን ሁሉ ይዞ ይወርዳል። እኔ ትንሽ ሳጥን ውሃው ውስጥ አስገብቼ ስላይዱን እዚያው ውስጥ አጋድሜ፣ ከነውሃው አወጣዋለሁ።

እና ታዩ። ከአንድ አቅጣጫ ተነስተው ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄዱ፣ እንደ ተገመደ የጥጥ ፈትል የዞሩ ቡናማ ዘንጎች። አንዳንዱ መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈላል። ያ ቦታ ባክቴሪያው ለሁለት የተከፈለበት ነው፤ ልጆቹ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ዘንግ ይዘው ቀጥለዋል። ከሞተው ገንዳ የወጣው ስላይድ ላይ ይህ የለም። ፍርፋሪ፣ እሱም ጥቂት።

ዘንጉ ሕይወት የለውም። ስኳር መሰል ፖሊመርና የብረት ኦክሳይድ ነው። ባክቴሪያው ብረቱን ኦክሲዳይዝ ሲያደርግ ዝገቱ ሰውነቱ ላይ ቢለጠፍ በራሱ ቆሻሻ ተቀብሮ ይሞታል። ስለዚህ ዝገቱን ከጎኑ እያወጣ ወደ ኋላ ይተወዋል፤ እሱ ወደፊት ይሄዳል። ከአንድ የብረት አቶም የሚያገኘው አንድ ኤሌክትሮን ብቻ ስለሆነ ለትንሽ ሥጋ ብዙ ብረት መብላት አለበት። ለዚህ ነው ከራሱ መጠን ጋር የማይመጣጠን የዝገት ክምር የሚያወጣው።

ይህን ማወቅ የት መፈለግ እንዳለበት ይወስናል። የስላይዱን ብርቱካናማ መሃል ዳፒ በሚባለው የዲኤንኤ ቀለም ቀብቼ ስፈልግ የሚያበራ ነገር አልነበረም ማለት ይቻላል። ባዶ ዘንግ ነው። ጠርዙ ላይ ግን፣ ዘንጎቹ በሚያልቁበት፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ባቄላ የሚመስሉ ትንንሽ ሰማያዊ ነጥቦች አሉ። አንድ ዘንግ፣ ጫፉ ላይ አንድ ባክቴሪያ። ዝገቱ ቀለሙን ከሸፈነው አሲዳማ ኦክሳሌት ኦክሳይዱን ያሟሟዋል። ግን ጫፍ ላይ ያሉትም አብረው ሊታጠቡ ስለሚችሉ ሳይነካ የተቀመጠ ሁለተኛ ስላይድ መኖር አለበት።

የተገመደው ዘንግ ምልክት ነው እንጂ መታወቂያ አይደለም። ጋሊዮኔላም ጨው በሌለው ውሃ ውስጥ ያንኑ ይሠራል። ዘንግ የማይሠራ ብረት በልም አለ። ስለዚህ ማስታወሻዬ ላይ የጻፍኩት «ብረት በል፣ ዘንግ ሠሪ» ብቻ ነው። ማሪፕሮፈንደስ ነው ለማለት ጂኑ መነበብ አለበት።

ላሜራዎቹ

ላሜራው ከስላይዱ ይልቅ ውስብስብ ነው፤ ምክንያቱም ምግቡ ከታች ነው የሚመጣው። ከላይ ለስላሳው ብርቱካናማ ሽፋን። በስፓቱላ ገለጥ ሳደርገው ሥሩ አረንጓዴ ሰማያዊ የሆነ ነገር አለ። አየር ሲነካው ዓይኔ እያየ ወደ ቡናማ ተለወጠ። ይህ አረንጓዴ ዝገት የሚባለው ነው፤ ኦክስጅን ባነሰበት የጨው ውሃ ውስጥ ብረት ላይ የሚፈጠር። አንዳንድ ቦታ ደግሞ ጥቁር ነጠብጣብ አለ፣ የተበላሸ እንቁላል ሽታም አለው። ሰልፌት የሚበሉት ባክቴሪያዎች ከሥር ገብተዋል። የላይኞቹ ኦክስጅኑን ስለሚጨርሱላቸው ከታች ኦክስጅን የሌለበት ምቹ ቤት ያገኛሉ።

ይህን ሳይ ስለ ታይታኒክ የሚባለው ትዝ አለኝ። መርከቡ በ1985 3,800 ሜትር ገደማ ላይ ከተገኘ ወዲህ «ባክቴሪያ እየበላው ነው» የሚል ወሬ አያልቅም። የተንጠለጠለው ዝገት ውስጥ ባክቴሪያ መኖሩ እውነት ነው፤ ከዚያ የተለየው ሃሎሞናስ ታይታኒኬ በ2010 ስም አግኝቷል። ግን ዝገት ውስጥ ተገኘ ማለት ዝገቱን ሠራ ማለት አይደለም። አንዲት የእጅ መዳፍ የምታክል ላሜራ ላይ እንኳ ኬሚስትሪው፣ ብረት በሉና ሰልፌት በሉ አብረው ሲሠሩ አየሁ። የትኛው ምን ያህሉን እንደበላ ለመናገር ላሜራውን ቀድሞ መዝኖ፣ ዝገቱን አንስቶ እንደገና መመዘን፣ ከሞተው ገንዳ ላሜራ ጋር ማወዳደር ነው። የመጀመሪያዎቹን ላሜራዎች በስቴንለስ ቡሎን ስለታሰሩ ከዚህ ስሌት አውጥቻቸዋለሁ፤ ክብደታቸው የባትሪውን እንጂ የባክቴሪያውን አይነግረኝም።

ባዛልቱ

ትክክለኛው የባሕር ወለል ይሄ ነው፤ ላሜራማ ሰው የጣለው ነው። ባዛልት ውስጡ ብረት አለ፣ በተለይ በፍጥነት የቀዘቀዘው መስታወት መሰል ቆዳው። በ2008 የታተመ አንድ ጥናት የባሕር ወለል ባዛልት ላይ የሚኖሩት ሕዋሶች ከላዩ ካለው ውሃ ይልቅ ከ1,000 እስከ 10,000 እጥፍ እንደሚበዙ አሳይቷል። ፍል ውሃው እጅግ ስስ በሆነበትም ቦታ ብረት በል አይጠፋም። ከሎኢሂ ሥር፣ 5,000 ሜትር ላይ፣ ኡላ ኑኢ በሚባለው ቦታ ሰፊ ምንጣፍ አለ።

እኔ ቁርጥራጮቹን በአልማዝ ጎማ ቆርጬ፣ አፍልቼ፣ ሁለት ዓይነት አድርጌ ነው ያስገባሁት። ግማሾቹ የብረት ጠብታው በሚደርሳቸው ጎን፣ ግማሾቹ በማይደርሳቸው። ጠብታው የሚደርሳቸው ቶሎ ብርቱካናማ ሆኑ። ግን ስላይዱም እዚያ ቢሆን ያንኑ ነበር የሚሆነው። ድንጋዩ መቀመጫ ሆነ እንጂ ምግብ አልሆነም። ጠብታው ያልደረሳቸው ላይ እስካሁን የሚታይ ነገር የለም። ድንጋይ ብረቱን በዝግታ ነው የሚለቀው፤ በወራት የሚመለስ ጥያቄ አይደለም።

ድንጋይ በብርሃን ማይክሮስኮፕ ከላይ ማየት አስቸጋሪ ነው፤ ብርሃን አያሳልፍም። ያገኘሁት መላ ቀጭን የስላይድ ክዳን ድንጋዩ ላይ በናይለን ክር ማሰር ነው። በመካከላቸው የሚያድገው ክዳኑ ላይም ይለጠፋል። ሲወጣ ድንጋዩ የሚያሳየውን ባይሆን ጎረቤቱን አያለሁ።

አሁን ያለበት

ሁለቱም ገንዳ እየሠራ ነው። ኦክስጅን 10 በመቶ፣ ፒኤች 6.4፣ 15 ዲግሪ። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ካሰብኩት በላይ ቶሎ ያልቃል፤ የሚቀጥለው ግዢ ትልቁ ሲሊንደር ነው። ፓምፑ የሚጨምቀው ለስላሳ ቁራጭ ቱቦ ውስጡ ዝገት ስለሚይዝ ፍሰቱ ሳይታወቅ ይቀንሳል። ስለዚህ ከመድፈኑ በፊት ይቀየራል።

ከሕያው ገንዳ የወሰድኩትን ወደ አዲስ የጄል ቱቦ፣ ከዚያ ወደ ሌላ እያሻገርኩ ነው፤ በየጊዜው እያቀጠንኩ። መስመሩ አሁንም በሚታይበት የመጨረሻው ቱቦ ውስጥ ያለው ነው ለጂን ንባብ የሚላከው። ጠብታ ያልደረሳቸው ባዛልቶች እዚያው ይቆያሉ፤ መደርደሪያው ላይ «አይነካ» የሚል ቴፕ ለጥፌባቸዋለሁ።